የሂሮስ 17ኛ ክፍል፣ «ካምፓኒ ማን»፦ ምንም ኃይል የሌለው ሰውዬ ሁሉንም አስናቃቸው (ስፖይለር አለው)

ማታ_አልተኛም

ያላያችሁ ከዚህ ተመለሱ። ከመጀመሪያው ሲዝን እስከ 17ኛው ክፍል ያለውን ሁሉ ነው የምዘረግፈው።

ሂሮስን (ልዩ ኃይል ስላላቸው ሰዎች የሚያወራውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ) ድሮ ቆራርጬ ነበር ያየሁት፤ አንዱን ክፍል አይቼ ሦስቱን እየዘለልኩ። አሁን ከአንድ ጀምሬ በተርታ እያየሁ ነው። ዛሬ ሌሊት «ካምፓኒ ማን» ላይ ደረስኩ። ካለቀ አንድ ሰዓት ሆነው፣ እኔ ግን አሁንም ቁጭ ብያለሁ።

እስከ 16ኛው ክፍል ድረስ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዱ ይበራል፣ አንዱ ሰዓት ያቆማል፣ አንዱ የሰው ጭንቅላት ይከፍታል፣ ካሜራው ከኒውዮርክ ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ ቶኪዮ ይሮጣል። እዚህ ክፍል ላይ ሲደርሱ ግን በሩን ዘጉት። ፒተር የለም፣ ሳይላር የለም፣ ኔትን የለም። አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ ሽጉጥ የያዙ ሁለት እንግዶች። ቴድ ስፕራግ ከተቆጣ ቤቱን ከነሰፈሩ የሚያነድ ሰው ነው። ማት ፓርክማን የሰው ሐሳብ ይሰማል። ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ክሌር ብትሞትም ትነሣለች። ከእነዚህ ሁሉ መሀል ክፍሉን ተሸክሞ የሚሄደው ግን ምንም ኃይል የሌለው አባትየው ነው፤ ሚስተር ቤኔት፣ ያ ባለ መነጽሩ።

መጨረሻው ላይ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንጀቴ ቁርጥ አለ። ልጁን ክሌርን ካምፓኒው (እሱ የሚሠራበት፣ ኃይል ያላቸውን ሰዎች እያሳደደ የሚይዘው ምስጢራዊ ድርጅት) እንዳያገኛት የሰው ትዝታ ማጥፋት ለሚችለው ባልደረባው ለሄይቲያዊው አስረክቦ ይሸኛታል። የት እንደሄደች ማንም ከአፉም ሆነ ከጭንቅላቱ እንዳያወጣበት ደግሞ ሆዱን አስመትቶ ትዝታውን ያስጠፋል። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ሳስበው ሳንድራ ትዝ አለችኝ። ሚስቱ! በ16ኛው ክፍል ሆስፒታል የገባችው እኮ ይኸው ሄይቲያዊ በባሏ ትእዛዝ ትዝታዋን እየደጋገመ ሲፍቅባት አንጎሏ ስለደማ ነው። ሰውዬው ቤቱን ለዓመታት በዚህ መሣሪያ ሲያስተዳድር ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ ያው መሣሪያ ወደ ራሱ ዞረ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለው ይሄ አይደል?

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ እንደ እኔ ላለቀሰ ሰው እንባው ለማን ነበር? ለጥሩ አባት ነው ወይስ ዕዳውን ለሚከፍል ሰው?

---

ክሎድን_መልሱልኝ

ወንድሜ፣ አንተ ገና ያንን ድልድይ በቅጡ አላየኸውም። ከሰባት ዓመት በፊት ክሎድን የተኮሰበት ድልድይ እኮ ነው! ክሎድ የሥራ ባልደረባው ነበር፤ የማይታየው ሰው። ጥፋቱም ኃይል ያለውን ሰው ከካምፓኒው መደበቁ ብቻ ነው። ቤኔት ያኔ እዚያ ድልድይ ላይ ለካምፓኒው ታምኖ ጓደኛውን ተኮሰ። ሰባት ዓመት ቆይቶ እዚያው ድልድይ ላይ ክሎድ የሠራውን ጥፋት እሱ ሠራ። ደበቀ። በዚህኛው ዙር የሚመታው ደግሞ ራሱ ሆነ።

ክሎድን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ኤክልስተን በጥቂት ትዕይንት ምን ያህል እንደሠራ እዩልኝ። ጠቅላላ ሲዝኑ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፣ ግን እስካሁን እየፈለግሁት ነው።

---

ዘገምተኛ_ተቺ

ሁላችሁም ስለምታለቅሱ አንድ ሰው ውኃ ያፍስስባችሁ።

ክፍሉ ጥሩ ነው። እንደሚወራለት ግን አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ «ቁናው» የሚለው አልገባኝም። ተሰፈረለት እንዴ? ራሱ እኮ ነው ቁናውን አንሥቶ የሰፈረው! ሄይቲያዊውን የጠራው እሱ፣ ምን ያህል ይጥፋ ብሎ የወሰነው እሱ፣ ጥይቱ የት ይግባ ብሎ ያመለከተው እሱ። ሳንድራን ማን ጠየቃት? ማንም። አንድ ጠዋት ተነሥታ የውሻዋን ስም እስክትረሳ ድረስ ማንም አልጠየቃትም። እሱ ፈቅዶ አንድ ጊዜ ያደረገውን እሷ ላይ ሳትፈቅድ ስንት ጊዜ ከተደረገባት ነገር ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ለሰውዬው ማዳላት ነው።

ሁለተኛ፣ ክሌርስ? ድልድዩ ላይ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት አለ? አባቷ ወሰነ፣ ሄይቲያዊው መኪና ነዳ። ልጅቷ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ዕቃ ናት። በሕፃንነቷ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አለፈች፣ አድጋም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አለፈች።

---

ማታ_አልተኛም

@ክሎድን_መልሱልኝ በመጀመሪያ «ወንድሜ» ሳይሆን እህቴ በለኝ 😄 የድልድዩን ነገር ግን ፈጽሞ አላስተዋልኩትም ነበር። ተመልሼ አየሁት። ልክ ነህ፣ ክፉኛ ልክ ነህ።

@ዘገምተኛ_ተቺ የሳንድራውን ተቀብያለሁ፤ «ተሰፈረለት» ማለቴ ስሕተት ነው። ሰው ራሱ ላይ ሲያደርገው መሥዋዕትነት ይባላል፣ ሌላው ላይ ሲያደርገው በደል ነው፣ መሣሪያው አንድ ቢሆንም። የክሌርን ግን አልቀበልም። ቴድ እሳት ሆኖ ቤቱ ሲነድ ማደንዘዣ መርፌውን ይዛ የገባችው ማን ናት? ማን ግቢ አላት? ቆዳዋ እየተላጠ ሄዳ ወግታው፣ ተመልሳ በሩ ላይ ስትቆምና ሥጋዋ ፊታቸው ሲገጥም ያየ ሰው «ዕቃ» አይላትም። ችግሩ የመጣው ራሱ ከዚያ ነው። ሁሉንም ስታድን የካምፓኒው ሰው ቶምፕሰን ቆሞ ያያታል። ድብቁ ነገር የወጣው በጀግንነቷ ምክንያት ነው።

---

ክሎድን_መልሱልኝ

ይቅርታ እህቴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንዲህ የሚናደድ ወንድ ብቻ መስሎኝ ነው 😂

---

ገና_ዘጠነኛ_ላይ

ሂሮስን ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ገና ዘጠነኛው ክፍል ላይ ነኝ። ርዕሱ ላይ ስፖይለር አለው ብላችኋል፣ አየሁት፣ አነበብኩት፣ ከዚያም እጄ አላርፍ ብሎ ገባሁ። ቤኔት ጥሩ ሰው ነው እንዴ?? እኔ እስካሁን እሱን ስጠላ ነው የቆየሁት!

---

ዘገምተኛ_ተቺ

@ገና_ዘጠነኛ_ላይ በርታ፣ ጥላቻህን አጥብቀህ ያዝ። ቶሎ አትልቀቀው።

---

ቆራጭ_ቀጣይ

እኔ ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ በሙያዬ ቪዲዮ ስለማቀናብር ዓይኔ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

የክፍሉ ጸሐፊ ብራያን ፉለር ነው፣ ዳይሬክተሩ አለን አርኩሽ። ያለፈው ዘመን ሁሉ በጥቁርና ነጭ ነው የተቀረፀው። ብዙ ድራማ ይህን የሚያደርገው «ድሮ ነው» ለማለት ያህል ነው። እዚህ ግን ሌላ ሥራ አለው። ቤኔት ካምፓኒው ሲቀጥረው ዓለሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ትእዛዝ አለ፣ ይፈጸማል። ጣሪያው ላይ ካይቶ ናካሙራ ሕፃኗን ሲያስረክበው አስታውሱ። (ጆርጅ ታኬይ ነው የሚጫወተው፣ ሰዓት የሚያቆመው የሂሮ አባት፤ ትንሹ ሂሮም እዚያው አብሮት አለ።) አሳድጋት፣ ኃይሏ ከታየ ግን የኛ ናት ይለዋል፣ እሱም እሺ ይላል። ቴክሳስ ኦዴሳ ያለው የአሁኑ ቤት ግን ባለ ቀለም ነው፣ እዚያ ደግሞ የጠራ ነገር የለም። ቀለሙ የገባው ነገሩ ሲደበላለቅ ነው። ይህን ሳልረዳው ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከዚህም በላይ የገረመኝ የማት ነገር ነው። ሐሳብ የሚሰማ ሰው በድራማ ውስጥ ለጸሐፊ አስቸጋሪ ነው፤ ምስጢር አይቀመጥበትም። ፉለር ገለበጠው። ቤኔት አፉ ለቴድ እያወራ ጭንቅላቱ ለማት ያወራል። በአንድ ትዕይንት ሁለት ንግግር በአንድ ጊዜ ይሄዳል፣ አንዱን ቴድ ይሰማል፣ ሌላውን ማትና እኛ ብቻ። ከዚያ ያቺ ደቂቃ ትመጣለች። ቴድ ሳንድራን ሊገድል ሲነሣ ቤኔት በሐሳቡ ማትን ልጄን ምታት ይለዋል። ክሌርን! ማት ደግሞ ይተኩሳል።

ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብለህ ይህን ስትቀጥል የአባትየውን ፊት ምን ያህል ሰኮንድ ትይዘዋለህ? ብትረዝም ያስነቃል፣ ብታጥር አይገባም። ጃክ ኮልማን ፊቱን ባያንቀሳቅስም ዓይኑ ሥራውን ይሠራል። ይህ ሰው መጀመሪያ ቋሚ ተዋናይ እንኳ አልነበረም፤ መሀል ላይ ነው ያሳደጉት።

---

ዘገምተኛ_ተቺ

@ቆራጭ_ቀጣይ የጥቁርና ነጩን ነገር አሳመንከኝ። የተኩሱ ላይ ግን ልቆም ነው። «ልጄን ምታት» የሚለው ነገር ሁሉንም ሰው ያስደንቃል፣ ምክንያቱም እንደምትነሣ እናውቃለን። እሷ ግን ትታመማለች። ድራማው ላይ ስቃይ ይሰማታል እኮ፤ አጥንቷ ሲሰበር ትጮኻለች። አባትየው ሒሳብ ሠራ፦ እናትየዋ ከሞተች አትመለስም፣ ልጅቷ ከሞተች ትመለሳለች። ሒሳቡ ትክክል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የሒሳቡ ፍጥነት ነው። እንዲህ የሚፈጥን አባት ከዚያች ቀን በፊት ይህንን ነገር ስንት ጊዜ በሐሳቡ ሠርቶታል?

---

የሴት_ልጅ_አባት

ልጆች፣ አንድ ሽማግሌ ልግባ። ይህን ድራማ ከልጄ ጋር ነው ያየሁት፤ እሷ አስጀመረችኝ፣ እሷ ሥራ በዝቶባት ስታቆም እኔ ቀጠልኩ።

ዘገምተኛ ያልከው ፍጥነት እኔን አላስፈራኝም። አባት የሆነ ሰው እኮ ያንን ሒሳብ ሁልጊዜ ነው የሚሠራው። ልጅህ መንገድ ስትሻገር፣ ውኃ ዳር ስትቆም፣ ትኩሳት ሲይዛት፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ክፉውን ሁሉ አስቀድመህ ትጨርሰዋለህ። ሰውዬው ዐሥራ አራት ዓመት ሲያሰላ የኖረውን ነው በአንድ ሰኮንድ ያወጣው።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። መነጽሩን። ሰውዬው በስም እንኳ ሳይጠራ ተመልካቹ ሁሉ በመነጽሩ ነበር የሚያውቀው፣ ያ ወፍራም ቀንዳማ ፍሬም። የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ እሱ ብቅ ሲል አንድ ሰው ሊጠፋ ነው ማለት ነው። ለካ መነጽሩን የመረጠችለት ትንሿ ክሌር ናት። ብዙ ፍሬም እየሞከረ እሷ ያንን ያዘችለት። እኛን ሲያስፈራን የከረመው ነገር የሕፃን ልጅ ምርጫ ነበር። ልጄን ጠርቼ ይህን ብቻ ነይ እይ አልኳት።

---

ማታ_አልተኛም

@የሴት_ልጅ_አባት እርስዎ ይህን ጽፈው እንደገና አስለቀሱኝ። ይቅር ይበልዎት።

---

ዘገምተኛ_ተቺ

@የሴት_ልጅ_አባት አባቴ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። በፍጥነቱ ላይ ብቻ ነው ታዲያ፤ ሳንድራ ላይ አልሰጥም።

---

የሴት_ልጅ_አባት

ሳንድራ ላይ አትስጥ። እዚያ ላይ ልክ ነህ።

---

ጨረራ_ለቃሚ

ስለ ቴድ የሚናገር ጠፋ? እንደ ጭራቅ እያለፋችሁት ነው።

ሰውዬው ያለ ፍላጎቱ ጨረር ያመነጫል። ሚስቱ በካንሰር የሞተችው ከእሱ ጋር በመኖሯ ብቻ ነው። ይህን አስቡት፤ እሷን የገደላት አጠገቧ መተኛቱ ነው። ከዚያ አንገቱ ላይ የካምፓኒውን ሁለት መስመር ምልክት ያገኛል፣ ትዝታው ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ። «እነሱ ናቸው እንዲህ ያደረጉኝ» ብሎ ቢያምን ይፈረድበታል? ጥፋተኛ ካልተገኘ እኮ ጥፋተኛው እሱ ራሱ ሊሆን ነው። መልስ ፍለጋ ነው የመጣው። ቤኔት ደግሞ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ከጥንትም እንዲሁ ነበርክ። ከዚህ የከፋ መልስ የለም።

ፊዚክስ አስተምራለሁና አንድ ነገር ካልወረወርኩ አልተኛም። ጨረር ሰው የሚገድለው በዋናነት የሚከፋፈሉ ሴሎችን ዲኤንኤ በመስበር ነው፤ መቅኔ፣ አንጀት፣ ቆዳ ቀድመው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከነዚያ ሁሉ ጀግኖች መሀል ቴድ ፊት መቆም የሚችል ሰው ቢፈለግ ሴሏ የሚታደስላት ልጅ መሆኗ ደራሲው ያለ ሐሳብ አላደረገውም፤ መርዙና መድኃኒቱ ልክ ለልክ ተሠርተው ነው የተገናኙት። ያ ደስ አለኝ። ያልተደሰትኩበት ደግሞ ውጭ ሣር ላይ ቆመው የሚያዩት ናቸው። የአንድ ነጥብ ምንጭ ጨረር ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል፣ እውነት ነው፣ ግን ሣሩ እኮ በሩ ላይ ነው! ቤኔት፣ ሳንድራ፣ ወንድ ልጃቸው ላይል፣ ማት፣ ቶምፕሰን፣ ያቺ ጸጉራም ውሻ ሳትቀር ሁሉም ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነበረባቸው። ማንም ስለዚህ ቃል አይተነፍስም።

---

ክሎድን_መልሱልኝ

@ጨረራ_ለቃሚ ውሻው ወንድ ነው መምህር፣ ሚስተር መግልስ። በመጀመሪያ እህቴን ወንድሜ አልኩ፣ አሁን አንተ ሚስተሩን ሴት አደረግኸው። ይህ ክር ጾታ አልተሳካለትም።

---

ጨረራ_ለቃሚ

ለሚስተር መግልስ ይቅርታ። የጨረሩ መጠን ግን አይቀየርም።

---

ቆራጭ_ቀጣይ

የቴድን ነገር በደንብ አልክ። እኔ የምጨምረው ቴድን ያባባሰው ማን እንደሆነ ነው። ቤኔትና ማት ነገሩን እያበረዱት ነበር፣ መጨረሻ ላይ ቶምፕሰን መጥቶ ተኮሰ። ነገር የነደደው በካምፓኒው ጥይት ነው። በጠቅላላው ሲዝን ካምፓኒው ዓለምን ከአደገኛ ሰዎች እንጠብቃለን ይላል፣ እዚህ ግን አደጋውን የፈነዳው እነሱ ናቸው። ቤኔት ካምፓኒውን የካደው ልጁን ስለሚወድ ብቻ አይመስለኝም፤ ሥራው ውሸት እንደሆነ ያየበት ቀን ነው።

---

ማታ_አልተኛም

@ቆራጭ_ቀጣይ ይህኛው ላይ ነው የማልስማማው፣ ምናልባት ካንተ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ። ሥራው ውሸት እንደሆነ ክሎድን ሲተኩስ አያውቅም ነበር? ያውቃል። ያኔ ግን ልጁ አልተነካችም። ሰውዬው በመርሕ አልዞረም፣ ቤቱ ሲነካ ነው የዞረ። ስለዚህ ነው የማምነው። በመርሕ ቢዞር ኖሮ በአንድ ክፍል ውስጥ አላምነውም ነበር።

ሌላው ደግሞ፣ ሄይቲያዊውን ረስተነዋል። በ11ኛው ክፍል የክሌርን ትዝታ እንዲያጠፋ ሲላክ እኮ አላጠፋም። ዱዳ መስሎን የነበረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራው ለእሷ ነው፤ ምስጢርሽን ጠብቂ ብሎ። ቤኔት ድልድዩ ላይ ልጁን የሚያምነው እጅ ከዚህ በፊት ትእዛዙን የጣሰ እጅ ነው። ታዛዥ ቢሆን ኖሮ ክሌር አሁን ምንም የማታውቅ ልጅ ነበረች። ዘገምተኛ፣ ያንተን «ዕቃ» የሚያፈርሰው ይሄም ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ጠይቋታል።

---

ዘገምተኛ_ተቺ

@ማታ_አልተኛም ይህን ቀድመሽ ብትጽፊው ኖሮ ያን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እሺ። ክሌርን ከዕቃነት አወጣኋት። ሳንድራ ግን አሁንም እኔ ጋ ናት።

---

ገና_ዘጠነኛ_ላይ

እሺ፣ አሁን የማልወጣበት ገብቻለሁ። አንድ ጥያቄ፤ ሁሉም «የመጀመሪያው ሲዝን» ነው የሚለው። ሌሎቹስ? ልቀጥል ወይስ 23ቱን ጨርሼ ላቁም?

---

ቆራጭ_ቀጣይ

@ገና_ዘጠነኛ_ላይ 23ቱን ጨርስ፣ ከዚያ ራስህ ወስን። ሁለተኛው ሲዝን በጸሐፊዎች አድማ ምክንያት በ11 ክፍል ተቋረጠ፤ አድማው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ጀምሮ እስከ ፌብሩወሪ 2008 ዘልቋል። ግን ሁሉን ነገር በአድማው አታሳብብ። ፈጣሪው ቲም ክሪንግ አድማው ገና ሲጀመር ነው ሲዝኑ ቀርፋፋ ሆኗል ብሎ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው። ፉለርም ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ለራሱ ድራማ ሄደ፣ ሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ አካባቢ ነው ተመልሶ የመጣው። ድራማው በ2010 በአራት ሲዝን አለቀ።

እኔ እንደማምነው የጎዳቸው ይህ ክፍል ያስተማራቸውን መርሳታቸው ነው። ኃይል ያለው ሰው እየጨመሩ ሄዱ፣ ቤት ግን አልጨመሩም። በር ዘግተው ሰው ቢያስቀምጡ ምን እንደሚወጣ እዚህ አይተውት ነበር።

---

ጨረራ_ለቃሚ

ይህን የመሰለ «በር የተዘጋ» ክፍል በየሲዝኑ አንድ ቢኖራቸው ኖሮ እስከ ዛሬ ይቀጥል ነበር። ጎረቤቶቹ ግን የጨረር ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን አልተውም።

---

የሴት_ልጅ_አባት

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልተኛ። ሄይቲያዊውን በጥልቀት አጥፋው ነው ያለው። ልጅቷ ወዴት እንደሄደች ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚያደርስ ማንኛውም ፍንጭ እንዳይቀር። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ በጥልቀት ሲባል እስከ የት ነው? የመነጽሩ ቀንስ አብሮ ሄዷል? ጠዋት ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል፣ ዓይኑ ላይ ያደርገዋል። ማን እንደመረጠለት ያውቃል?

---

ክሎድን_መልሱልኝ

አባባ፣ እኔ አውቃለሁ፤ 18ኛው ክፍል ላይ እሱ ሲነሣ

---

ማታ_አልተኛም

ማንም እንዳይመልስ!! @ክሎድን_መልሱልኝ አጥፋው! 18ኛውን አሁን ከፍቼዋለሁ፣ እየጫነ ነው።